የተፈቀደ ጥቁር

ድምፁን የሰማሁት ምስሉን ከማየቴ በፊት ነበር። ታኅሣሥ ውስጥ በአንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እዚህ አሜሪካ ፌርፋክስ ላይ ካለች ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብተን፣ እናቴ ጀርባዋን ለግድግዳው፣ እኔ ደግሞ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተን ተቀምጠን ሳለ፣ ከራሴ በላይ የብዙ ሰው ለቅሶ መጣ። እንደማንኛውም ለቅሶ የተበታተነ አልነበረም፤ አንዱ ሲያነሣው ሌላው የሚቀበለው፣ በአንድ ላይ ከፍ ብሎ በአንድ ላይ ዝቅ የሚል፣ ልክ የተሰጠው ለቅሶ ነበር። የቆረስኩት እንጀራ በእጄ እንደተያዘ ቀረ። ይህን ዓይነቱን ድምፅ ከልጅነቴ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ዘወር ብዬ ሳይ፣ በሩን ለዓለም ዘግቶ የኖረ የአንድ ሩቅ አገር መሪ ሞቶ፣ በረዶ በሸፈነው ሰፊ አደባባይ ላይ የቆመ ሕዝብ ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል። ከጎናችን ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ የነበሩት የታክሲና የፓርኪንግ ሠራተኞች ይሥቁ ነበር። ዌስትቼስተር እየኖረ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልሰው ቢኒ የሚባል ወጣት፣ በስክሪኑ ላይ ወደምትታይ አንዲት ሴት እያመለከተ፣ «ይሄ እኮ ፌክ ነው። ካሜራው ወደሷ ሲዞር እያት፤ ያኔ ነው ስታርት የምታደርገው» አለ። ጓደኛው ደግሞ፣ እሱ ለሱፐርቫይዘሩ እንዲህ አልቅሶለት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ማኔጀር ይሆን እንደነበር ተናግሮ ሁሉንም አሣቃቸው። እናቴ አልሣቀችም። ነጠላዋን ወደ አገጯ ሳብ አድርጋ፣ ዓይኗን ከዚያች ሴት ላይ ሳትነቅል፣ ከንፈሯን ገጥማ ተቀመጠች። ያንን የተገጠመ ከንፈር አውቀዋለሁ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ከትምህርቴ ሁሉ አስበልጬ ያጠናሁት እሱን ነበር።

ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ከቀበና ወንዝ አጠገብ እንኖር ነበር። ዘመኑ የደርግ ዘመን ሆኖ፣ ወጣት ያለበት ቤት ሁሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ትንፋሹን የሚይዝበት ጊዜ ነበር። እኛም ቤት ወጣት ነበረ፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም ሰይፉ። እናታቸው እሱን በወለደች በሳምንቱ ስለሞተች፣ እናቴ ራሷ ገና ልጅ ሆና በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው፣ ከወንድም ይልቅ የበኩር ልጇ የሚመስላት ሰው ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ መጽሐፉን በብብቱ እንደያዘ በቀጥታ ወደ ማድ ቤት ገብቶ፣ የድስቱን ክዳን በሁለት ጣቱ አንሥቶ፣ «እቴቴ፣ ዛሬስ ምን ደበቅሽኝ?» ይላት ነበር። እሷም በጭልፋው እጁን መታ ታደርገውና ከሁላችን አስቀድማ ታቀርብለት ነበር።

በመጋቢት፣ የበልጉ ዝናብ መሬቱን ሳያረጥብ ሽታውን ብቻ አስነሥቶ በሚያልፍበት ሰሞን፣ ሰይፉ ወደ ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ተያዘ። እናቴ በየቀኑ ምሳውን ቋጥራ ወደታሰረበት ቀበሌ ትሄድ፣ ባዶውን የምሳ ዕቃ ተቀብላ ትመለስ ነበር፤ በባዶነቱም ተጽናንታ፣ ክዳኑን ከፍታ ፍርፋሪውን እያየች፣ «በልቷል» ትል ነበር። አንድ ቀን ዕቃው እንደሞላ ተመለሰ። የዚያን ዘመን ሰው ሁሉ የሞላ የምሳ ዕቃ ምን ማለት እንደሆነ ያውቅ ነበር። በማግስቱ ጠመንጃ ያነገተ አንድ የቀበሌው ጥበቃ ደጃችን ላይ ቆሞ፣ በሰይፉ ላይ አብዮታዊ እርምጃ መወሰዱን፣ ሬሳ እንደማይሰጥ፣ ድንኳን መትከልም ሆነ ጥቁር መልበስ፣ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስም ክልክል መሆኑን ነገረን። ለፀረ አብዮተኛ ያዘነ እሱ ራሱ ፀረ አብዮተኛ ነውና። አባቴ «እሺ ጓድ» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ማስፈራሪያው የአፍ ብቻ እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ከእኛ በላይ ካለው መንደር አንዲት እናት ደጅ ወጥታ የልጇን ስም ጠርታ ስለጮኸች በዚያው ዕለት ተወስዳ፣ የት እንደደረሰች የሚጠይቅላት ሰው እንኳን አልነበረም።

አባቴ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ለራሱ ድምፅ የማይተርፈው ሰው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ሬዲዮ ይከፍት ነበር። መዝሙር ሲመጣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ያደርሰውና፣ እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ፣ ትራስ በአፏ ላይ ይዛ ታለቅስ ነበር። ስለ ድልና ስለ ሰፊው ሕዝብ የሚዘምረው የወንዶች ድምፅ፣ ከጡሩንባውና ከከበሮው ጋር ተባብሮ ለቅሶዋን ይውጠዋል። መዝሙሩ አብቅቶ ዜና አንባቢው ሲጀምር ግን፣ በቃላቱ መካከል ዝምታ ስለሚገባ፣ አባቴ የጓዳውን በር በጣቱ ጥፍር ቆርቆር ያደርጋል፤ እሷም ወዲያው ታቆማለች። እኔ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዬን ዘርግቼ፣ የትኛው መዝሙር እንደሚረዝም፣ የትኛውስ ሳይታሰብ እንደሚቋረጥ ለይቼ ዐወቅሁ፤ አጭሩ ሲጀምር እርሳሴን አስቀምጬ የጓዳውን በር አይ ነበር። ዛሬም የማርሽ ሙዚቃ ስሰማ በዓይነ ኅሊናዬ የሚመጣው ሰልፈኛ ሳይሆን ትራስ ነው።

ጥቁር መልበስ ስላልተፈቀደላት፣ እናቴ ነጭ የውስጥ ቀሚሷን በቆርቆሮ ባልዲ ጥቁር ቀለም ነክራ፣ ገመድ ላይ ቢሰጣ የሚያየው ስለሚበዛ፣ ከአልጋ ሥር ወለሉ ላይ ዘርግታ አደረቀችው። ከዚያ በኋላ በየዕለቱ ከላይ አበባ ያለበትን ወይም ካኪውን ቀሚሷን ለብሳ፣ ከሥሩ ያንን ጥቁር ሳታወልቅ ትውል ነበር። አጥባም በዚያው ከአልጋው ሥር ታደርቀዋለች፤ በታጠበ ቁጥር ቀለሙ እየለቀቀ ጫፉ እንደ ዝገት ቡላ ሆነ። ነገሩን የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነበርን፤ እንዳልናገር ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም፣ ማስጠንቀቅም አላስፈለገም።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል የሠራተኞች ቀን ሰልፍ መጣ። በሰልፍ ላይ መገኘት ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ፊትም ደስ ብሎት መገኘት ነበረበት። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ጓድ ዘውዲቱ፣ በእኛው ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ከአብዮቱ በፊት ከእናቴ ወንፊት እየተዋሰች የምትሄድ ሴት ነበረች፤ አሁን ግን ሥራዋ በረድፎቹ መካከል እየተመላለሰች የሰዎችን ፊት ማየት ነበር። ከመዝሙሩ ወደኋላ የቀረች ሴት «ቅሬታ አለባት» ትባላለች፤ ቅሬታ ያለባት ደግሞ ስብሰባ ላይ ትጠራለች፣ ከስብሰባውም ወዴት እንደምትሄድ አይታወቅም። ስለዚህ እናቴ በሰልፉ ጠዋት፣ ሌሎች ሴቶች ጸጉራቸውን እንደሚያበጁ፣ መስታወት ፊት ቆማ ፊቷን ታበጅ ነበር፤ ከንፈሯን ትከፍታለች፣ ጉንጯን ታነሣለች፣ ትመረምረዋለች፣ ይወድቅባታል፣ እንደገና ታነሣዋለች። አደባባዩ ነፋሻ ስለሆነ፣ የካኪው ቀሚሷ ጫፍ እንዳይገለብ እኔ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል እንድቆም አዘዘችኝ። ጓድ ዘውዲቱ ሦስተኛው መዝሙር ላይ አጠገባችን መጥታ ቆመች።

«ጓድ ዘነበች፣ ድምፅሽ አይሰማም።»

እናቴ ጉሮሮዋን እንዳመማት ተናገረች።

«እጅሽንስ አሞሻል?»

እናቴ ማጨብጨብ ጀመረች። ሰልፉ እስኪበተን ድረስ አላቆመችም፤ ሌሎች ሲያርፉ እንኳን ታጨበጭብ ነበር። ቤት ስንገባ እጆቿን በቀዝቃዛ ውኃ ነክራ፣ ቀልተው ያበጡትን መዳፎቿን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ትመለከታቸው ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ሬዲዮው ዐረፈ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በአንድ ክፍል ውስጥ ያለን ሰዎች እንኳን አንሰማማም ነበርና፣ አባቴ ደመናው ሲጠቁር ወደ እናቴ ያያል፣ እሷም ወደ ጓዳ ትገባለች። በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ሲመጣ ትራሱን እንኳን የምትተወው ይመስለኛል። ዝናቡ ሲያባራ ዓይኗን ታጥባ ትወጣና፣ ሽሮ ታማስላለች፤ እኛም ምንም እንዳልሆነ እንበላ ነበር። ሆኖም እንዲህ ተደብቆ የሚለቀስ ለቅሶ ሐዘንን አያወጣም። ከቀን ወደ ቀን እየከሳች፣ ንግግሯ እያጠረ ሄደ፤ አንዳንዴም ብቻዋን ስትሠራ አፏ ስም እንደሚጠራ ሲንቀሳቀስ አየው ነበር። የምፈራው ያንን ነበር፤ አንድ ቀን፣ ሰው ባለበት፣ ያ ስም ድምፅ ይዞ እንዳይወጣ።

ነሐሴ ላይ ጎረቤታችን እማማ ደብሪቱ ሞቱ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ባረጁበት አልጋ ላይ ተናዝዘው ያረፉ ሴት ነበሩ፤ በአልጋ ላይ መሞት በዚያ ዘመን እንደ ዕድል ይቆጠር ነበር፣ እድሩም ድንኳን እንዲተክል የቀበሌውን ፈቃድ ያለ ችግር አገኘ። ብቸኛ ልጃቸው እትዬ አበራሽ፣ ልብስ እየሰፋች የምትኖር፣ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ያለፋት፣ በሐዘን ቤት እንኳን ቀልድ የማይጠፋት ሴት ነበረች። ከቀብሩ ማግስት ድንኳኑ ሞላ። ለአንዲት አሮጊት ከሚመጣው ሰው በላይ ሴቶች ከሩቅ መንደር ሁሉ መጥተው ነበር፤ ማንም አልጋበዛቸውም፣ ማንም ለምን መጣችሁ አላላቸውም። በዚያ ዓመት በሰፈራችን ለቅሶ የተፈቀደበት ድንኳን ያ ብቻ ነበር።

ጓድ ዘውዲቱም መጣች። በካኪዋ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ ከምሰሶው አጠገብ ሁሉንም ከምታይበት ቦታ ተቀመጠች። ሙሾ አውራጇ መጀመሪያ ስለ እማማ ደብሪቱ ደግነት አወረደች፤ ቀስ በቀስ ግን ቃሏ ደጅ ላይ ቆሞ ስለሚጠበቅና ስለማይመለስ ሰው መሆን ጀመረ፣ የሴቶቹም ለቅሶ ከሥር እየተናነቀ ከፍ አለ። እናቴ ከመሐል ተነሥታ ደረቷን መታች፤ ከዚያ ከመጋቢት ጀምሮ የታፈነው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጥቶባት ወደቀች። ስትወድቅ ቀሚሷ ተገለበ። ቡላ ጫፍ ያለው ጥቁሩ የውስጥ ቀሚስ በድንኳኑ ብርሃን ታየ።

ጓድ ዘውዲቱ ጎንበስ ብላ ተመለከተችው። ለቅሶው ከእሷ ጀምሮ እስከ ዳር እየቀዘቀዘ ጸጥ አለ።

«ጓድ ዘነበች፣» አለች በዝግታ፣ «ለጎረቤት አሮጊት እንዲህ ይለቀሳል እንዴ?» እናቴ እየተንሰቀሰቀች የተገለበውን ቀሚሷን ለመሳብ ሞከረች። «ይሄስ ጥቁር? እማማ ደብሪቱ ያረፉት ከትናንት ወዲያ ነው። ይሄ ስንት ጊዜ የታጠበ ነው።»

የድንኳኑን ገመድ በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ነበር። እናቴ አፏን ብትከፍት የሚወጣው አንድ ስም ብቻ እንደሆነ፣ ያም ስም ከወጣ ወደ ቤት የምመለሰው ያለ እናት እንደሆነ፣ በዚያ ዕድሜዬ በሚገባ ይገባኝ ነበር። አፏ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ጥቁሩ የኔ ነው፣» አለች እትዬ አበራሽ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ። «የባሌን ሙት ዓመት አውጥቼ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጥኩት። እናቴ ያረፈች ለት ለሷ አለበስኳት። አዲስ የምገዛላት ከየት አምጥቼ ነው?»

«ለምን ታለብሻታለሽ?»

«እህቴ ናታ። የእናቴ የጡት ልጅ እኮ ናት፤ አታውቂም?»

በእኛ ዘንድ የጡት ልጅነት ቀላል ነገር አይደለም፤ አሳዳጊዋ አውራ ጣቷን ማር ቀብታ ታጠባለች፣ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይመሰክራሉ፣ ከዚያ ወዲያ የጠባችው ልጅ በደስታም በሐዘንም ከአብራክ ልጅ አትለይም። ጓድ ዘውዲቱ ይህን ሁሉ ስለምታውቅ፣ እዚሁ ሰፈር ተወልዳ አድጋ ይህን ነገር እንዴት ሳትሰማ እንደቀረች ጠየቀች፤ ቀጥላም ምስክሩ ማን እንደሆነ ጠየቀች።

«እኔ አለሁ፣» አሉ ከጥግ አንዲት አሮጊት። «ማሩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። የማርያም ለት ነበር።»

«የምን የማርያም!» አሉ አጠገባቸው የነበሩት ሌላዋ ተቆጥተው። «የሚካኤል ነው እንጂ። አንቺማ ያን ለት ጥርስሽን አሞሽ ቤትሽ ተኝተሻል።»

«ጥርሴን ያመመኝ በሰኔው ሚካኤል ነው። ይሄ የኅዳር ነው፤ አዲስ እህል ገብቶ።»

«እሱስ ይሁን። ማሩ ግን ጥቁር ማር ነበር። ደብሪቱ ነፍሷን ይማርና፣ ‹ይሄ ማር ነው ወይስ ቅጥራን፣ ልጅቱን ልትገድሉብኝ ነው?› ብላ ስታሥቀን ረሳሽው?»

ከኋላ ያሉ ሴቶች በእንባቸው መካከል ሣቁ። አሮጊቶቹ ስለ ቀኑና ስለ ማሩ ቀለም እርስ በርስ እየተካረሩ ቀጠሉ፤ ሦስተኛዋም ገብታ ጠላውን የጠመቀች እሷ መሆኗን፣ እስከ ዛሬም ማንም እንዳላመሰገናት አስታወሰቻቸው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱም አልተደረገም። እናቴ የእማማ ደብሪቱን ጣት ጠብታ አታውቅም፤ ያገሩም ሰው አልነበረችም፣ ወደዚያ ሰፈር የገባችው አባቴን ስታገባ ነው። ይህን እያወቅሁ፣ እኔ ራሴ ለአንድ አፍታ ያንን ጥቁር ማር በዓይኔ አየሁት።

ጓድ ዘውዲቱ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተራ በተራ ተመለከተች። ከመካከላቸው በልጅነቷ ያላዘላት፣ ያልገሠጻት አልነበረም። በመጨረሻ ወደ እናቴ ዞረች።

«የእናት ሐዘን ከሆነ፣» አለች፣ «ከላይ ይለበሳል እንጂ ከውስጥ አይለበስም። እስከ ሙት ዓመቷ ድረስ ከላይ ስትለብሺው እናያለን።»

ማስፈራሪያ ይሁን ፈቃድ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለማን ብሎ የጠየቃት አልነበረም። እትዬ አበራሽ እናቴን ከመሬት አንሥታ ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ «በይ እንግዲህ አልቅሺ፤ ያንቺም እናት ናት» አለቻት። እናቴም «እናቴ» እያለች፣ ወንድሟን አለቀሰችው።

በመስከረም የአብዮቱ በዓል ሲከበር፣ ቀዩን ሻሽና አደዩን ይዞ በተሰለፈው ሕዝብ መካከል እናቴ ብቻዋን በጥቁር ቆማ ታጨበጭብ ነበር። ከበላይ የመጡ አንድ ሰው ለምን ጥቁር እንደለበሰች ሲጠይቁ፣ ጓድ ዘውዲቱ ፊቷን ሳታዞር፣ «የእናት ሐዘን አለባት» ስትል ሰማኋት። በዚያን ጠዋት እናቴ መስታወት ፊት አልቆመችም። ኅዳርና ጥር፣ እስከ ፋሲካም ድረስ፣ በመንገድ ያገኛት ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» ይላት ነበር፤ እሷም «አሜን፣ ያቆይልኝ» ትላለች፤ የሚያጽናናትም ሆነ የምትጽናናው ሴት ሟቹ ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። አባቴ ሬዲዮውን ለዜና ብቻ መክፈት ጀመረ። በቀጣዩ ነሐሴ የእማማ ደብሪቱ ሙት ዓመት ሲወጣ፣ እናቴ ከተዝካሩ ድርሻዋን እንደ ልጅ አዋጥታ፣ ጥቁሩን አወለቀች። ውሸቱ ግን አልወለቀም። እትዬ አበራሽ ከዚያ ወዲያ በዓል በመጣ ቁጥር እንደ አክስት ደጃችንን አንኳኩታ የማትገባ፣ እኔን የምትቆጣና የምትመርቅ፣ እናቴን «የማሯ እህቴ» እያለች የምታሥቃት ሰው ሆነች። እኔ ለትምህርት አሜሪካ መጥቼ፣ ቀርቼ፣ አባቴም ካረፈ በኋላ እናቴን አስመጥቼ ፓልምስ ውስጥ አብረን መኖር ስንጀምር፣ በየእሑዱ ከአዲስ አበባ የሚደወለው ስልክ የእሷ ነበር።

በዚያ የታኅሣሥ እሑድ፣ ሣቁ ሲበርድ ቢኒ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «እማማ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? ፌክ አይደለም?» አላት። «አንቺ» ማለቱን በሌላ ቀን ቢሆን በዓይኔ እቆጣው ነበር። እናቴ ግን እንደ ቁም ነገር ቆጥራ መለሰችለት።

«ካሜራው ከሷ ላይ ሄደ አይደል፣ ልጄ? እይ እስቲ፣ ከዳር ቆማለች። አላቆመችም።»

ሁላችንም አየን። ካሜራው ወደ መኮንኖቹ ዞሮ፣ ሴትዮዋ በስክሪኑ ዳር ግማሽ ትከሻ ብቻ ሆና ቀርታ ነበር። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ቢኒ «ሶሪ፣ እማማ» አለ፤ ምን እንዳጠፋ ግን የገባው አይመስለኝም፣ እናቴም አላስረዳችውም።

የጸደዩ ወራት ሲመጣ፣ ፓሳዴና ወደሚገኘው ሥራዬ በማልሄድበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአዲስ አበባ ደውለው እትዬ አበራሽ በአልጋዋ ላይ ማረፏን ነገሩን። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እንደልቧ እንድታለቅስ፣ እዚህ አገር የሚከለክላት እንደሌለ ነገርኳት። ይህ እውነት ነበር፤ በሩን የሚያንኳኳ ጥበቃ፣ ፊቷን የሚመረምር ሊቀ መንበር የለም፤ ጣሪያውም ቆርቆሮ አይደለም፣ ዝናብም የለም። ራሷን ነቅንቃ ተስማማችና፣ ሪሞቱን አንሥታ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። መኪና የተሸለመች አንዲት ሴት በደስታ እየዘለለች፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቆሞ ያጨበጭብላት ነበር። በዚያ ጭብጨባ ሥር የእናቴ ለቅሶ ጀመረ። ማስታወቂያ ገብቶ ድምፁ ሲቀዘቅዝ አቆመች፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ ጠበቀች።

ጭብጨባው ሲመለስ ሪሞቱን ከእጇ ተቀብዬ፣ እንደ አባቴ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁላት።